ሁለት አክተር በአንድ ፊልም

ሁለት አክተር በአንድ ፊልም አይሆንም ብዬ ነበር፤ የሰማኝ የለም። ፒያሳ ሲኒማ ቤቱ በር ላይ «በቅርብ ቀን» የሚል ፖስተር ከተለጠፈ ጀምሮ በጥልፍ ማኅበራችን ሌላ ወሬ ጠፋ። ጭምብሌና ጥይት አይበሴው ሊገናኙ ነው! አሥራ ሁለት ሴቶች ነበርን። አዲሱ ገበያ አጠገብ ቀበሌው በሰጠን አዳራሽ ቀኑን ሙሉ ቀሚስ እንጠልፋለን፤ እናቴ መስኮቱ ሥር፣ እኔ ከጎኗ።

ጭምብሌ ፊቱን በጥቁር ጨርቅ ሸፍኖ ከጣሪያ ጣሪያ የሚዘል ሰው ነው። ይቆስላል፣ ይደማል፣ እንደገና ይነሣል። ጥይት አይበሴው ደግሞ ስሙ እንደሚለው ነው፤ ጥይት ደረቱ ላይ ነጥሮ ይመለሳል። ስም ያወጣንላቸው እኛው ነን፤ የፈረንጅ ስማቸውን የሚያውቅ ሰው ጉለሌ ውስጥ አላጋጠመኝም።

እኔ የጭምብሌ ወገን ነበርኩ፤ ስለዚህ ነገሩ ከመጀመሪያው አልጣመኝም። ጥይት የማይበሳው ሰው ካለ ጭምብሌ ምን ሊሠራ ይመጣል? ኮት ሊይዝለት? ደግሞ አክተር አይሞትም፤ ይህን የማያውቅ የለም። ሁለት ሆነው ሲመጡ ግን አንዱ የግድ አክተርነቱን ይለቃል። ፖስተሩ ላይ ጭምብሌን ከኋላ አድርገው፣ ያንኑ ጭምብሉን እንኳ በሌላው ትከሻ ግማሹን ከልለውታል። ይህን ሁሉ ስዘረዝር የማኅበሩ አንጋፋ የሆኑት እትዬ ሳቁብኝ።

«አንቺ ልጅ፣ ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ ሲባል አልሰማሽም?»

እውነቱን ልናገርና፣ እንቅልፍ የነሣኝ የጭምብሌ ክብር ብቻ አልነበረም።

ታላቅ ወንድሜ ለብሔራዊ ውትድርና ከመወሰዱ በፊት የሰፈሩ ፊልም ነጋሪ ነበር። ሁለት ጊዜ ሲኒማ ቤት ይዞኝ ገብቷል፤ የቀረውን ያየሁት በእሱ አፍ ነው። ከሄደም በኋላ አልተወውም። ከጦሩ ቦታ ሌላ ነገር መጻፍ ስለማይቻል ፊልም ይጽፍልን ነበር። «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ ደህና ነኝ» ይልና ወዲያው ወደ ጭምብሌ ይገባል። ድሮ ያየውንም፣ አንዳንዴ በመኪና ጎን አንሶላ ዘርግተው የሚያሳዩዋቸውንም ይጽፋል። እናቴ መሠረተ ትምህርት ገብታ ፊደል ቆጥራለች፤ ግን ዓይኗ በጥልፍ ስለደከመ የእጅ ጽሑፍ አይለይላትም። ስለዚህ ደብዳቤ ሲደርስ ሰኞ ሰኞ አዳራሹ ውስጥ ጮክ ብዬ አነባለሁ፤ ሴቶቹም መርፌያቸውን እያመላለሱ ይሰማሉ።

አራት ደብዳቤ መጣ። አምስተኛው አልመጣም።

እናቴ በየሰኞው «ዛሬም የለም?» ትለኛለች። ሁለት ወር እንዲህ ሆነ። አንድ ሰኞ ግን አልጠየቀችኝም። ቀሚሱን ጉልበቷ ላይ አስቀምጣ እጆቿን ዝም ብላ ታያቸው ጀመር። ያን ማየት አቃተኝ። አራተኛውን ደብዳቤ ከጉያዬ አወጣሁና «ረስቼው፣ መጥቶ ነበር እኮ» አልኳት። አስቤበት አይደለም፤ አፌ ቀደመኝ።

ከዚያ በኋላ ማቆም አልቻልኩም። አንድ ዓመት ሙሉ በአንድ ወረቀት ስንት ደብዳቤ አነበብኩ! አንድ ቀን እጄ እርጥብ ኖሮ የቀይ ክር ቀለም ጥጉን ነካው፤ ከዚያ ወዲህ ወረቀቱን ስይዝ አውራ ጣቴን እዚያች ላይ አሳርፋለሁ። የወንድሜ ነገር እስከ ዛሬ አልታወቀም። አለ የሚልም፣ የለም የሚልም ወረቀት አልደረሰንም።

የማውቀው ፊልም ሲያልቅብኝ ከራሴ መፍጠር ጀመርኩ፤ ጉዴም የመጣው ከዚያ ነው። አንድ ሰኞ ሁለቱን አክተሮች አገናኘኋቸው። «ጭምብሌና ጥይት አይበሴው አብረው የሠሩትን ፊልም አሳዩን» ይላል ደብዳቤው። ጭምብሌ ይቆስላል። ጥይት አይበሴው አዝሎት ወንዝ ያሻግረውና እናቱ ደጃፍ ያደርሰዋል። እናቴ መርፌዋን ይዛ ቀረች። «ተመስገን» አለች፣ ለሰው ሳይሆን ለራሷ።

ሁለት ወር ሳይሞላ ያ ፖስተር ተለጠፈ። እንዲህ ዓይነት ፊልም መኖሩን እኔ በምን ልወቅ!

ሴቶቹ እናቴን ከበቧት። «ልጅሽ እኮ ፊልሙን አዲስ አበባ ሳይደርስ አየው! ምን ዓይነት ዕድለኛ ነው!» እናቴ ያን ሳምንት ቀና ብላ ሄደች። ሲኒማ ቤት ደጃፍ ረግጣ የማታውቅ ሴት፣ «እኔም እገባለሁ። ልጄ ያየውን ልየው» አለች። ለመጀመሪያው እሁድ ተቀጣጠርን።

የእኔን ነገር ምን ብዬ ልንገራችሁ። መቆሚያ መቀመጫ አጣሁ። በዚያ ሳምንት ሦስት ጊዜ ፒያሳ ወርጄ ፖስተሩን ቆሜ አየሁት፤ አዲስ ነገር የሚነግረኝ ይመስል። በሩ ላይ የሚቆመውን ሰውዬ «ይቅርታ፣ አንዱ አንዱን ያዝለዋል?» ብዬ ብጠይቀው፣ «ሂጂ ወዲያ፣ ፊልሙ ገና አልመጣም!» ብሎ ጮኸብኝ። ጣቴን እየወጋሁ፣ የጠለፍኩትን እየፈታሁ ዋልኩ። ቀጨኔ መድኃኔ ዓለም ሄጄ ፊልሙ እንዲቀር ጧፍ ተሳልኩ። እስቲ አሁን ይህ ስለት ነው! ፊልሙ ወንድሜ «ጻፈው» ካልኩት ጋር ካልገጠመ ደብዳቤ የለም ማለት ነው። ደብዳቤ ከሌለ ደግሞ እናቴ ልጅ አላት ወይ? እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል የሚሉት ተረት እንዲያ ያስጠላኝ ጊዜ የለም።

ቅዳሜ ዕለት፣ ነጠላዋን እያጠበች ሳለ፣ እንደ ዘበት አድርጌ ነገሩን ጣል አደረግሁላት።

«እማዬ፣ ፊልም እኮ ይቆረጣል። ከአገር አገር ሲዞር እየቆራረጡት ነው የሚደርሰው።»

«እንዴ? ለምን?»

«እንጃ። በቃ ይቆርጡታል።»

ነጠላዋን ጨመቀች።

እሁድ ከሰዓት ሲኒማ ቤቱ ሞልቶ ነበር። እናቴ ወንበሩ ሲታጠፍ ደንግጣ፣ ጫፉ ላይ ቁጢጥ እንዳለች ቀረች። የፈራሁት ሁሉ ደረሰ፤ እንዲያውም ባሰ። ሁለቱ ከመጀመሪያው ይደባደባሉ። መታዘል የለም፣ ወንዝ የለም፣ እናት የምትባል ሴት በፊልሙ ውስጥ የለችም። ገና ፊልሙ ሳይጋመስ ጭምብሌ በጥይት ተመቶ ወደቀ። ይነሣል ብለን ጠበቅን። አልተነሣም። አክተር አይሞትም ተብሎ ያደገ ሕዝብ ነውና አዳራሹ ተናወጠ፤ «ቆርጠሃል! ቆርጠሃል!» እያለ ወደ ማሽን ክፍሉ ይጮኻል። የእናቴን ፊት ለማየት ወኔ አጣሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ ስትስብ ብቻ በዓይኔ ጠርዝ አየሁ።

ወደ ቤት ስንመለስ ሴቶቹ ከፊታችን እየተንሾካሾኩ ሄዱ። እኔ በየመንገዱ «ልንገራት» እላለሁ፣ እተወዋለሁ። ቤት ገብተን ራት ስናቀርብ «እማዬ» አልኳት። «ብዪ፣ ሳይቀዘቅዝ» አለችኝ።

ሰኞ ጠዋት ስነሣ እናቴ የለችም። እንዲያ አድርጋ አታውቅም። አዳራሹ ስደርስ ከሁሉ ቀድማ መስኮቱ ሥር ተቀምጣለች። እኔ ገና ክሬን ሳላወጣ፣ ምላሷ የማያርፈው ጎረቤታችን ጀመረችው።

«የኔ እህት፣ አትቀየሚኝና፣ ያ ልጅሽ የጻፈው ነገር… ማለቴ… መታዘሉ የታለ? ወንዙስ?»

ሁሉም መርፌ ቆመ። አሁን ልናገር ብዬ አፌን ስከፍት እናቴ ቀደመችኝ። ከጥልፏ ቀና እንኳ አላለችም።

«ልጄ አይዋሽም። ፊልሙን ነው የቆረጡት። እዚያ ሙሉውን ነው ያየው።»

ጎረቤታችን እኔን አየች፣ እናቴን አየች፣ አንገቷን ደፋች። «አዎ፣ እኔም ጠርጥሬ ነበር፤ ይቆርጡታል እነሱ» አለች ቀስ ብላ። እትዬም «ሌቦች!» ብለው አከሉ።

ያን ጊዜ እናቴ ከደረቷ አንድ የታጠፈ ወረቀት አወጣች። አዲስ ነው፤ ጥጉ ላይ ቀይ ነገር የለበትም።

«ዛሬ በጠዋት አንድ ወታደር አቀበለኝ። ያኛው አርጅቷል» አለችና ዘረጋችልኝ።

ያኛው የትኛው እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ወረቀቱን ተቀብዬ ገለጥኩት። ከሱቅ የተገዛ ባለ መስመር ወረቀት ነው፤ በአራት ታጥፏል፤ አንዲት ፊደል የለበትም። እናቴን አየኋት። እሷ መርፌዋን ወደ መስኮቱ አቅንታ ክር ልታስገባ ትታገላለች።

ዝቅ ባለ ድምፅ «ለጤናችሁ እንደምን ሰንብታችኋል፣ እኔ ደህና ነኝ» ብዬ ጀመርኩ።

«ጮክ በይ፤ ሁሉም ይስማው» አለች እናቴ።