የጎበዝ አለቃው እናት

ይማርሽ ልጇን ማሞገስ ከጀመረች ማቆሚያ አልነበራትም። ላሊበላ፣ ከቤተ ክርስቲያኑ መግቢያ አጠገብ ጧፍ ትሸጣለች፤ ለገዛውም ላልገዛውም ስለ ደግሰው ታወራለች። እንግዳ ከጠፋ ወዲህ ገበያዋ ቀዝቅዟል፤ ወሬዋ ግን እንደሞቀ ነው። ጎረቤቶቿ «መጣች ደግሞ የደግሰው እናት» እያሉ ይሥቁባታል። እሷ ምን ተዳዋ! አባቱ የሞተበትን ልጅ ብቻዋን አሳድጋ ለሰው ወግ አብቅታዋለች፤ ሙገሳው ቢበዛባት ማን ይፈርድባታል?

ደግሞም ያለ ነገር አልነበረም። በሰፈሩ ሰው ሲሞት ወጣቱን ጠርቶ መቃብር የሚያስቆፍረው፣ ለሰርግ ዳስ የሚያስጥለው፣ ምጥ የጠናባትን ሴት በቃሬዛ ከተራራው የሚያስወርደው እሱ ነበር። በኋላ ሽማግሌዎቹ ራሳቸው «በል፣ የጎበዝ አለቃችን አንተ ነህ» ብለው መርቀው ሾሙት። ያን ቀን ይማርሽ አለቀሰች፤ ደስታ ነው ያስለቀሳት።

ከዚያ ጋሸና ላይ ያ ክፉ ነገር ሆነ። ደግሰውና የሰፈሩ ልጆች ከሩቅ ለቅሶ ሲመለሱ፣ መኪና ሊቀይሩ በወረዱበት አንዱ ልጅ ከአንድ የጭነት መኪና ረዳት ጋር ተጣላ። ሽጉጥ ወጣ። አለሜ የሚባለው ረዳት እዚያው ወደቀ። የተኮሰው ሮጦ አመለጠ፤ ደግሰው ግን የወደቀውን ልጅ ደም በነጠላው አፍኖ ሊያቆም ሲታገል ተያዘ። አለሜም አልተረፈም።

መርማሪው ይማርሽን ሊጠይቅ መጣ። ትሁት ወጣት ነው፤ «እናቴ» ይላታል። «እናቴ፣ ልጅዎ ምን ዓይነት ሰው ነው?» አላት። ካሞገሰችው የሚለቁላት መሰላት።

«ልጄማ የጎበዝ አለቃ ነው! እሱ ሳያዝ ከወጣቱ ማን ንቅንቅ ይላል? ሂዱ ካለ ማን ይቀራል?»

መርማሪው ጻፈ፤ እሷ በጣቷ ፈረመች። ከአፍ የወጣ አፋፍ።

ዐቃቤ ሕጉ ያንን ቃል ችሎት ላይ ሲያነበው ሌላ ነገር ሆኖ ተሰማ። ልጆቹ የተደራጀ ቡድን፣ ደግሰው የቡድኑ መሪ፣ ጥይቱም በእሱ ትእዛዝ የተተኮሰ ሆነ። ጠመንጃ በበዛበት በዚህ ዘመን ቃሉ ራሱ ባሩድ ይሸታል፤ የመቃብር ቆፋሪ አለቃ እንዳለ ማን ያስታውስ? መሣሪያ ያልጨበጠው ልጅ ዐሥራ አምስት ዓመት ተፈረደበት።

እንዳለው የሚባለው ጠበቃው ይግባኝ አለ። «የቡድን ማስረጃ የተባለው የአንዲት እናት ሙገሳ ነው፤ ሌላ ምንም የለም» ሲል ተከራከረ። ይግባኝ ሰሚው ችሎትም እናቲቱ ራሷ ቀርባ ታስረዳ አለ። እንዳለው በደስታ የሚሆነውን አጣ። «እማማ፣ የሚያውቁትን ብቻ ይናገሩ» አላት። «የጎበዝ አለቃ በእናንተ ሰፈር ምን እንደሚሠራ፣ መቃብሩንም፣ ዳሱንም፣ ቃሬዛውንም ይንገሯቸው።»

ይማርሽ ግን የራሷን ሐሳብ ይዛ ነበር የገባችው። ሙገሳዋ ካሳሰረው፣ ስድቧ ያስፈታዋል።

«ልጄ የጎበዝ አለቃ ነው ብለዋል?» አሏት ዳኛው።

«ውሸቴን ነው፣ ጌታዬ። እሱን ማን ሰምቶት! እንኳን ሰው ውሻም አይታዘዘው። ሰነፍ ነው፣ ፈሪ ነው፣ ለምንም አይሆን። ማፈሪያ ነው የወለድኩት።»

ጠበቃው ራሱን ያዘ። ደግሰው ከቆመበት ቀና ብሎ አያት። በዕድሜው እንዲህ ስትለው ሰምቶ አያውቅም። ዓይኑን አየችው፤ ቢሆንም ልታስፈታው ነውና ስድቡን ቀጠለች። ምስኪን! ያን ሁሉ ዓመት ለአላፊ አግዳሚው ስትተርከው የኖረችውን መልካም ነገር፣ በሚያስፈልግበት ቦታ ዋጠችው።

በቀጠሮው ቀን ውሳኔው ተነበበ። ምስክሯ ቃሏን የለወጠችው ልጇን ለማዳን ነው፤ የፊተኛው ቃሏ ይታመናል፤ ፍርዱ ጸንቷል።

ወደ እስር ቤቱ መኪና ሲወስዱት ሮጣ ደረሰችና በካቴና የታሰረ እጁን ያዘች። «ይቅር በለኝ» እያለች ትንሰቀሰቃለች።

«እማ፣ ዓመቱስ ያልፋል» አላት ደግሰው። «እውነቱን ንገሪኝ፤ ማፈሪያሽ ነኝ?»

ኩራቴ ነህ፣ የአገሩ ሁሉ አለቃ ነህ ልትለው ቃሉ ከምላሷ ደረሰ። ከአጠገቡ የቆመው ፖሊስ ያዳምጣል። ይህንንም ይጽፉበታል ብላ ፈራች።

ዝም አለችው። ደግሰው ጥቂት ጠበቃት፤ ከዚያ እጁን ቀስ ብሎ አስለቀቀና መኪናው ላይ ወጣ።