የእህቴ ንቅሳትና የጥርስ ሐኪሙ

ታላቅ እህቴ ናይሮቢ፣ ኢስትሊ ሰፈር ውስጥ ጨርቅ ትነግዳለች። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየችም፤ ጥርሷን በቦረሸች ቁጥር ድዷ ሲደማ የሁሉም ሰው ድድ እንደዚያ የሚደማ ይመስላት ነበር። በስንት ልመና ኪሊማኒ የሚባል ሰፈር ወዳለ የጥርስ ሐኪም ወሰድኳት። ወጣቱ ኬንያዊ ሐኪም ጥቁር ድዷን ሲያይ ደንግጦ ባልደረባውን ጠራ።

"ምን አገኘብኝ?" አለችኝ።

"የድድሽ መጥቆር አሳስቦት ነው።"

"ንቅሳት ነው በይው! ስንቱ ያደነቀው ድድ ነው!"

ስተረጉምለት ሐኪሙ በሳቅ ፈነዳ። የሚያደማት ንቅሳቱ ሳይሆን ጥርሷ ሥር የተጋገረው ቆሻሻ መሆኑን ነግሮን አጸዳላት፤ አቦራረሹንም አሳያት። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ መድማቱ ቆመ።

አሁን ሴት ደንበኛ ስትመጣ፣ እህቴ ጨርቁን ሳትዘረጋ "እስቲ መጀመሪያ ድድሽን አሳዪኝ" ትላለች።