ሐሞት ከረጢት የሌለው ተሳፋሪ

ሌላውን ተሳስቼ ይሆናል፤ ጉርሻው ግን ሦስት እንደነበር እርግጠኛ ነኝ። ሐሞት ከረጢቴ በቀዶ ጥገና ከወጣ ገና ሁለት ወሩ ስለነበር ቅቤ ከበላሁ ወዲያው ያስቀምጠኝ ነበር። ጅጋ ከተማ ሰርግ ላይ ግን አጎቴ «በሞቴ!» እያሉ ቅቤ የበዛበት ዶሮ ወጥ አጎረሱኝ።

ወደ ፍኖተ ሰላም ስመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ሆዴ ይላወስ ጀመር። ላብ አጠመቀኝ። ከሹፌሩ አጠገብ ስለነበርኩ ቀስ ብዬ፣ «ወንድሜ፣ አንድ ጊዜ አቁምልኝ፤ አልቻልኩም» አልኩት።

«እግዜር ይስጥህ! እኔም አንድ ሰው እስኪጠይቅ ነበር የምጠብቀው» አለና አቁሞ፣ ቀድሞኝ ወደ ባሕር ዛፉ ሮጠ።

«አንተ ልጅ፣ ወረፋህን ተቀማህ!» አሉኝ ከኋላ አንዲት እናት።

እንደምንም ደረስኩ። በሳምንቱ ለክትትል ሐኪም ቤት ስሄድ ሹፌሩን ወረፋ ላይ አገኘሁት፤ እሱም ሐሞት ከረጢቱን አስወጥቷል።