አጎቴ ሉሸስ እና የኩዊን ሲቲ ችካሎች

አጎቴ ሉሸስ ግሬይሰን ሁሉን አውቃለሁ ማለት ይወድ ነበር። የሰው መኪና ሲንኳኳ ከመንገድ ማዶ ሆኖ በሽታውን ይናገራል፤ ዶሮ እንቁላል መጣል ካቆመች የሚጠየቀው እሱ ነው። ይህን የምለው ላሽሟጥጥበት አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ልክ ነበር፤ ያጠፋንም ይኸው ልክነቱ ነው።

እ.ኤ.አ. በ1941 መገባደጃ፣ ከሰፈራችን ከኩዊን ሲቲ አጠገብ የጦር መሥሪያ ቤቱ ሕንፃ ፔንታጎን መሠራት ሲጀምር፣ አጎቴ አርማታ ከሚሞሉት ጋር ሥራ ገባ። ከሥራ ሲመለስ እናቴ ደጃፍ ላይ ቁጭ ብሎ ጫማው ላይ የደረቀውን ሲሚንቶ በቢላ ይፍቃል።

«ኦፊሊያ፣ ዛሬ አንድ ግድግዳ ጨረስን። ንድፉ ግን ገና አልደረሰም አሉን።»

«ታዲያ በምን ሠራችሁት?» ትለዋለች እናቴ።

«በጥድፊያ ነዋ!»

በጥር ወር ሰዎች መጥተው ቀይ ጨርቅ ያሰሩበት ችካል ከመንገዱ ዳር እስከ እናቴ ደረጃ ድረስ ቸከሉ። እሁድ ከአምልኮ በኋላ ሰፈርተኛው ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ ተሰበሰበ።

«ወንድም ግሬይሰን፣ ሊያስነሱን ነው እንዴ?» አለው ጎረቤታችን ቶሊቨር።

አጎቴ ሳቀ። «ሰውዬ፣ እኛ ሥራ ቦታ ቀይ የሚታሰረው የቧንቧ ቦይ በሚቆፈርበት ነው። ለመንገድ ነጭ ነው። ስረግጠው የምውለውን ነገር አላጣውም። ውሃ ሊያስገቡልን ነው!»

ውሃ ከጉድጓድ እየቀዳን ስንት ዓመት ቃል ተገብቶልን ነበርና፣ ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እንደገና ተዘመረ። ግሪን ቫሊ በሚባለው ሌላ ሰፈር ቤት ሊከራይ የነበረው ቶሊቨር ሐሳቡን ተወ። አጎቴ ደግሞ ያገለገለ ነጭ የዕቃ ማጠቢያ ሲንክ ከየት እንዳመጣው እንጃ፣ እናቴ ማድ ቤት መስኮት ሥር ገጠመላት። የቧንቧውን ቀዳዳ ሳይቀር ግድግዳው ላይ በሳው።

በመጋቢት ወረቀት መጣ። ለሕንፃው መንገድ ስለሚሠራ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ልቀቁ ይላል። ያኔ ግሪን ቫሊ የሚከራይ ቤት አልቆ ነበር። እኛም ቶሊቨርም መንግሥት ባቀረባቸው፣ በመኪና በሚጎተቱ የቆርቆሮ ቤቶች ውስጥ ገባን፤ ዝናብ ሲዘንብ ጣሪያው ስለሚጮህ ለመነጋገር መጮህ ነበረብን።

አጎቴ ከዚያ በኋላ ስለማንም መኪና አልተናገረም። የቤተ ክርስቲያናችን ዲያቆን ነበር፤ እሱን ግን አልተወም። በየወሩ የመጀመሪያ እሁድ፣ የጌታ እራት ሲሆን፣ ትናንሾቹን ጽዋዎች ለሰው ሁሉ ያድላል፤ የራሱን ግን ሳይቀምስ መልሶ ያስቀምጣል። ፓስተሩ ሲጠይቀው፣ «እህቴን ቤት አሳጥቼ እንዴት እጠጣለሁ? መጀመሪያ እሷ ትማረኝ» አለ። እናቴ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጣ ታየዋለች። አትቆጣውም፣ ማርኩህም አትለውም።

«እማዬ፣ በቃ ይቅር በይው» አልኳት አንድ ቀን።

«ምን አድርጎኝ?» አለችና ጎመኗን መቀንጠስ ቀጠለች። ኩራት መስሎኝ ነበር።

አሥራ አምስት ዓመት እንዲህ ሆኖ ሞተ። ከቀብር እንደተመለስን እናቴ ባርኔጣዋን ሳታወልቅ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«ችካል የሚመታውን ሰውዬ ጠይቄው ነበር» አለችኝ። «‹መንገድ ነው፣ ቤትሽ ይነሳል› ብሎኛል። ሉሸስ ቧንቧ ነው ከማለቱ በፊት።»

«ለምን ታዲያ ዝም አልሽ?»

«ሉሸስ ውሃ ነው ሲል እሱን ማመን ደስ አለኝ። በኋላ ሰው ሁሉ በእሱ ሲፈርድ፣ አውቄ ነበር ማለት አፈርኩ።»

«አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ?»

«ዛሬስ እነግረዋለሁ እያልኩ ነበር በየወሩ የምሄደው።»

እናቴን የጠላኋት ያን ቀን ብቻ ነው። ተነስቼ ወጣሁ፤ ጽዋውን ሲያስቀምጥ ያይ የነበረው ዓይኗ እንዳያየኝ።