ሰርዶን ወደ ወይጦ የወሰድሁ ጊዜ

አባቴ በጂንካ ዳርቻ ባለው የበቆሎ ማሳው ዕድሜውን ሙሉ የታገለው ጠላት ቢኖር ሰርዶ ነው። መሬት ለመሬት እየተሳበ፣ በየአንጓው ሥር እየሰደደ የሚሄድ ሣር ስለሆነ፣ ነቅለው ቢጥሉት እንኳ ከወደቀበት ኑሮውን ይቀጥላል። በቆላማዋ ወይጦ መምህር ሆኜ ተመድቤ ሳለ ለዕረፍት ወደ ቤት መጥቼ፣ ከማሳው ዳር ተንበርክኬ ሰርዶ ስነቅል ባየኝ ጊዜ ያገዝሁት መስሎት መረቀኝ። ሣሩን በእርጥብ ጆንያ ይዤ ወይጦ ልተክለው መሆኑን ስነግረው ግን መቆፈሪያውን ተደግፎ እስኪበቃው ሳቀ።

«ውሰደው ልጄ፤ ሁሉንም ውሰደው» አለኝ። «ካነሰህም እዚያ ማዶ አለልህ።»

ለእኔ ግን ነገሩ ቀልድ አልነበረም። እጮኛዬ የምትኖረው ጂንካ ነው። እናቷ በወይጦ ያለፉት አንዴ በመኪና፣ ያውም በቀትር ሲሆን፣ ከዚያ ጉዞ የቀራቸው ትዝታ አቧራና ወላፈን ብቻ ነበር። የላክኋቸውን ሽማግሌዎች በአክብሮት ተቀብለው፣ ልጃቸውን እንደማይከለክሉኝ፣ ሆኖም የምትገባበትን ቤት በዓይናቸው ሳያዩ የሠርግ ቀን እንደማይቆርጡ ተናገሩ። የሚመጡት በበጋው ማብቂያ፣ ምድር ሁሉ በደረቀበት ሰሞን ነው። የተከራየሁት ግቢ ደግሞ እንኳን ሣር ጥላም በቅጡ አልነበረውም። የሰው ሐሳብ በማስረጃ ይለወጣል ብዬ አጥብቄ አምናለሁና፣ ማስረጃዬን በጆንያ ተሸክሜ ወረድሁ።

የመጀመሪያው ተከላ አልጸደቀም። ለምሳ ስመለስ ሣሩ ጠውልጎ አየሁና አዘንሁለት፤ ከፀሐይ የዋለ የጀሪካን ውኃም አፈሰስሁበት። አጠጣሁት ከማለት ቀቀልሁት ማለት ይቀላል። ከዚያ ወዲህ የማጠጣው ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ብቻ ሆነ። መሬቱን እንደገና ቆፍሬ በቆየ የፍየል ፍግ አደባለቅሁት፤ የተረፉትን ቁርጥራጮች አንጓቸውን ቀብሬ፣ ሥር እስኪይዙ ድረስ በተቀደደ ጆንያ አለበስኋቸው፤ ዙሪያውንም በእሾህ አጠርሁ። ውኃው ከወንዝ በአህያ ጋሪ የሚመጣ ስለሆነ ንጹሑን ለሣር ማፍሰስ ነውር መሰለኝ። አከራዬ፣ ከወላይታ መጥተው በመንገዱ ዳር ጨርቃ ጨርቅ የሚነግዱ ሴት፣ የልብስ ማለቅለቂያቸውን ውኃ ሳይደፉ ያቆዩልኝ ጀመር። ማለዳ ማለዳ ሲያገኙኝም ስለ ሣሩ የሚጠይቁኝ ታሞ እንደተኛ ዘመድ ነበር፤ እንዴት አደረ፣ ዛሬስ ቀለሙ ተመለሰ ወይ ይሉኛል።

ሣሩ ሲለመልም ወሬው ተሰማ። ፍየሎቻቸውን በአጥራችን ሥር የሚነዱ አንድ የአገሬው የፀማይ ሽማግሌ ነበሩ፤ አንድ ቀን ቆመው በእሾሁ ላይ አጮልቀው ካዩ በኋላ ፍየሎቼ የት እንዳሉ ጠየቁኝ። ፍየል እንደሌለኝ ነገርኋቸው። ላምም እንደሌለኝ ጨመርሁ።

«ታዲያ ይህን ማን ይበላዋል?»

«ማንም አይበላውም አባቴ። ለማየት ነው።»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡና፣ «የእኔም ፍየሎች ማየት ይወዳሉ» ብለውኝ ሄዱ። በማግስቱ አጥሩን አንድ ረድፍ እሾህ ጨመርሁበት።

እንግዳዬ የሚመጡበት ቅዳሜ ሲደርስ ሣሩ ቁርጭምጭሚት ይሸፍን ነበር። እንዳይጎዳብኝ ሰግቼ አንድም ቀን አላጨድሁትም። በማለዳ ወጥቼ ከመኪና መቆሚያው ስጠብቅ አረፈድሁ፤ መኪናው ዘግይቶ ሲደርስ ፀሐይ ከአናታችን ላይ ነበረች። የእጮኛዬ እናት በነጠላቸው ፊታቸውን እየጠረጉ ሲራመዱ፣ እኔ ግቢው እንደ ጂንካ ለምለም መሆኑን እያብራራሁ በሩን ከፈትሁ።

ከእሾሁ አጥር ውስጥ የቀረው ቢጫ የሣር ጉቶ ብቻ ነበር።

ፍየሎቹን ጠረጠርሁ፤ ሆኖም አጥሩ አልተነካም። እናትየውም ዙሪያውን በትሕትና ተመለከቱና፣ «ሣሩ የቱ ነው ልጄ?» አሉኝ።

ይህን ጊዜ አከራዬ ከሁለት የቤተ ክርስቲያን እኅቶቻቸው ጋር ከእኔ ቤት ወጡ፤ ከአንደኛዋ እጅ ማጭድ አልወረደም ነበር። በአገራችን ክቡር እንግዳ የሚገባበት ቤት እርጥብ ሣር ይጎዘጎዝለታል። እነርሱም ሣሩን ስንከባከብ የከረምሁት ለዚሁ ቀን መሆኑን አንዳች አልተጠራጠሩም፤ እኔም ሌላ አልነገርኋቸውም። አከራዬ እንግዳዬን አቅፈው ከሳሙ በኋላ፣ «ይግቡ እናቴ። ለእርስዎ ሲያጠጣው የከረመ ነው፤ ይርገጡት» አሏቸው።

ቤቱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አረንጓዴ ሆኗል። እናትየው ከደጃፉ ጫማቸውን አወለቁ፤ ቅዝቃዜው ውስጥ እግራቸውን አሳርፈው ዓይናቸውን ጨፈኑ። ከዚያ በኋላ የነበረው ጨዋታ እኔን አልጨመረም። ሴቶቹ የቀቀልሁትን ሣር ታሪክ ሳይቀር አጋነው አወሩ፤ እንግዳዬ እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። ቀጥለው ሰው ሲታመም ማን እንደሚደርስ፣ አራስ ማን እንደሚጠይቅ፣ ብቻዋን የምትውል ሴት ከማን ጋር እንደምትጫወት በዝርዝር ጠየቁ።

«እኔ ታዲያ ምን ልሠራ አለሁ?» አሉ አከራዬ፣ እንደመቆጣት ብለው።

እናትየው በመጨረሻ ወደ እኔ ዞረው፣ «ሙቀቱን አልወደድሁትም፤ አልዋሽህም» አሉኝ። «ግን ልጄ የምትመጣው ሰው ወዳለበት ነው። ከፋሲካ በኋላ ይሁን። ሠርጉ ግን ጂንካ ነው።»

ስለ ሣሩ ያሰናዳሁትን ማብራሪያ ሁሉ ዋጥሁት።

ሰርዶው ዝናብ ሳይጠብቅ ከሥሩ አቆጠቆጠ፤ መታጨዱ ጠቅሞት ከበፊቱ ይበልጥ ተጠጋግቶ ወጣ። ዛሬ ባለቤቴ ታጠጣዋለች፣ እኔ አረም እነቅላለሁ። በሰፈሩ እንግዳ የሚጠብቅ ሰው ሲኖር ደግሞ አንዷ ጎረቤት ማጭዷን ይዛ በራችንን ታንኳኳለች፤ የምትጠይቀን ሣሩ ደርሶ እንደሆነ ብቻ ነው።