ዝገት ላይ የቀባሁት ቀለም

በ1957 ዓ.ም. አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ከደጋ ወርደን የምንኖረው አሰብ፣ ወደቡ አጠገብ ነው። ጠዋት ጠዋት የናፍጣና የደረቀ ዓሣ ሽታ እስከ መኝታችን ድረስ ይገባ ነበር።

ያን ዓመት አንዲት አሮጌ የጭነት መርከብ ሥራ አቆመች። የወደቡ አለቆች ቆራርጠው ለብረት ሊሸጧት አሰቡ። ጎረቤታችን ጋሽ ሳሌህ ግን አሻፈረኝ አሉ። ዕድሜያቸውን እሷ ላይ የጨረሱ መርከበኛ ናቸው። "ታድሳ ትቀመጥ፤ ልጆቻችን በምን ስንሠራ እንደኖርን ይዩ" ብለው ለመኑ። "እንግዲያው አጽድተህ አሳየን፤ ካማረች ትቀራለች" ተባሉ።

ትምህርት ቤት ተዘግቶ ስለነበር እኛም የሠፈር ልጆች ገባንበት። ሥራው እንዲህ ነው፤ ዝገቱን በትንሽ መዶሻ ትቀጠቅጣለህ፣ በሽቦ ብሩሽ ትፈገፍጋለህ፣ ቀለም ከዚያ ወዲያ ነው። ጋሽ ሳሌህ በዐይን አያምኑም። ብረቱን አንኳኩተው ያዳምጣሉ። ጠራ ያለ ድምፅ ካልሰጠ ገና አልዳነም። "ዝገት ተሸፍኖ አይተኛም" ይሉ ነበር።

ለእኔ የደረሰኝ አንድ ማዕዘን ነው። ምን ልበላችሁ፣ ጓደኞቼ ባሕር ዳር ኳስ ጀምረዋል፣ ጩኸታቸው ይሰማኛል። ሳልፍቀው ቀባሁት።

"ጨረስክ፣ አንተ ደገኛ?"

"አዎ፣ ጋሼ።"

"አንኳኩተሃል?"

"እንደ ደወል ነው የሚጮኸው!"

"በል ሂድ። አንተን አምኛለሁ።"

የሁሉንም ሲያንኳኩ የእኔን ተዉት።

አለቆቹ ነጭ ሸሚዝ ለብሰው መጡ። አንደኛው የእኔን ማዕዘን በቁልፉ ጫር ቢያደርገው ቀለሙ ከነዝገቱ ተገሽልጦ እጁ ላይ ቀረ። "ሽማግሌው! ቀብተህ ልታታልለን ነው? ሌላውም እንደዚሁ ነዋ!" ብሎ ጮኸ። ጋሽ ሳሌህ አንድ ጊዜ አዩኝ። ከዚያ "ጥፋቱ የኔ ነው፣ ዐይኔ ደክሟል" አሉ። አጠገባቸው ቆሜ ዝም አልኩ። መርከቧ እንድትቆራረጥ እዚያው ተወሰነ።

አሁን አሜሪካ፣ ላስ ቬጋስ፣ ኢንተርፕራይዝ የሚባል ሠፈር፣ ልጄ ቤት ነው ያለሁት። ሰሞኑን የልጅ ልጄ በስልኳ አንድ ነገር አሳየችኝ፤ ካሊፎርኒያ ወደብ ላይ ሽማግሌዎች አሮጌ የጭነት መርከብ ያድሳሉ። መዶሻው ያው ነው፣ ድምፁም ያው።

"አባባ፣ አንተ ሺፕ ላይ ሠርተሃል አይደል? ቮለንቲር እናድርግ!"

"ፀሐዩ አይስማማኝም።"

"ቬጋስ እየኖርክ?" ብላ በሳቅ ሞተች።

ግትር መሆኔን ቤቱ ሁሉ ስለሚያውቅ ግትርነት መሰላት። እፍረት ነው። እሷ በረሃ ያደገች ልጅ የማታውቃትን መርከብ ልፈግፍግ ትላለች፤ እኔ ወደብ ያደግሁት፣ ደጄ ላይ የቆመችውን ለኳስ ሸጥኳት። ዕድሜ ያስረሳል የምትሉ እኩዮቼ፣ ውሸት ነው።

ዝም ማለቴ ብቻ ቢሆን እንኳ ልጅነት ነው እል ነበር። በማግስቱ ጠዋት ግን እናቴ ትኩስ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ "ለጋሽ ሳሌህ አድርስ፣ አይዞዎት በልልኝ" አለችኝ። በደጃቸው አላለፍኩም። በጨው ማምረቻው በኩል ዞሬ፣ ከጨው ክምር ጀርባ ተቀምጬ ዳቦውን ብቻዬን በላሁት። ቤት ስመለስም እናቴን "እግዜር ይስጥልኝ ብለዋል" አልኳት።