አልተጣላንም

በዲላ ፖሊስ ጣቢያ መዝገብ ውስጥ እኔና አንዲት የጠጅ ቤት ባለቤት «በመንገድ ላይ ተጣልተው ሕዝብ አውከዋል» ተብሎ ተጽፏል። አልተጣላንም። ከመሞቴ በፊት ተጽፎ እንዲቀመጥልኝ የምፈልገው ይህ ነው። ፀጉር አልተጓተትንም፣ አልተሰዳደብንም፤ ድምፃችን ከፍ ያለውም ሬዲዮኑ ይጮህ ስለነበረ ነው። የታሰርነው ስለ ኮንጎ ስለተነጋገርን ነው።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። የጌዴኦ አገር በመንግሥት ወረቀት ላይ ደራሳ አውራጃ ይባል ነበር፤ ትእዛዝ የሚመጣውም ከይርጋለም ነበር። እኔ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሚስዮን ትምህርት ቤት አራተኛ ክፍል ላይ ወጥቼ ቡና መጋዘን ገብቻለሁ። ከሌሎች ሴቶች ጋር ሰሌን ላይ ተቀምጬ ጥቁሩን ፍሬ ከደህናው እለቅማለሁ። ለምሳ ስንወጣ ከመጋዘኑ ፊት ለፊት ካለው ሱቅ ደጃፍ እናርፋለን፤ ባለሱቁም ሬዲዮኑን ወደ መንገዱ አዙሮ ይከፍትልናል።

የዚያን ቀን ሬዲዮኑ ወታደሮቻችን ኮንጎ ውስጥ ሰላም እያስከበሩ መሆናቸውን፣ ሌሎችም ሊጨመሩ መሆኑን ተናገረ። እኔ «ኑልን ብለው የጠሯቸው የኮንጎ ሰዎች ናቸው ወይስ ሌላ ነው የላካቸው?» ብዬ ጠየቅኩ። ነገር ፈልጌ አልነበረም። ከኋላዬ በርጩማ ላይ የተቀመጠችው የጠጅ ቤቷ ባለቤት፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት፣ «ልጄ እዚያ ነው» አለች።

«አላወቅኩም ነበር፣ እትዬ።»

«አሁን አወቅሽ። ጣሊያን የመጣብን ጊዜ የዓለም መንግሥታት እንዲደርሱልን ብንለምን ማንም አልመጣም። ልጄ የሄደው ሌላው እንደኛ ብቻውን እንዳይቀር ነው።»

«እኛ ለምነናል። እነሱስ ለምነዋል ወይ ነው የኔ ጥያቄ።»

«አንቺ ልጅ፣ ሰው ሲገዳደል የጥሪ ወረቀት ይጠበቃል?»

የተቀመጡት ሳቁ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «እሺ፣ እዚህስ? ገበሬው ከቡናው ሥር ሲባረር በመሃል የሚቆም ወታደር ለምን አይላክም?» አልኩ። ያን ጊዜ የሚስቅ ጠፋ። ጃንጥላ የያዘ አንድ ሰው ተነስቶ ወደ ጣቢያው አቅጣጫ ሄደ። ከሰዓት በኋላ ሁለት ፖሊሶች መጥተው እኔን ከመጋዘን፣ እትዬን ከጠጅ ቤቷ ወሰዱን። እትዬ «እኔ ደግሞ ምን አደረግኩ?» ብትላቸው «መልስ ሰጥተሻል» አሏት።

በጣቢያው ለሴት የተለየ ክፍል አልነበረም። ከጀርባ ቆዳ ይከማችበት የነበረ ቤት ውስጥ አስገቡን። ቆዳው ከወጣ ቆይቷል፤ ሽታው ግን ከጭቃው ግድግዳ አልለቀቀም። መስኮት የለውም፤ ከጣሪያው ሥር ብርሃን የሚያስገባ ስንጥቅ ብቻ አለ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲመታው መደማመጥ አይቻልም።

ጥግ ላይ፣ በደረቀ የእንሰት ቅጠል ላይ፣ አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። በጌዴኦኛ ሰላም አልኳቸው። ከኢዲዶ በኩል የመጡ ጭሰኛ ናቸው። የባለመሬቱ ሰዎች ድርሻውን ለመቁረጥ ቡናውን ገና ዛፉ ላይ እያለ ሊገምቱ ሲመጡ ከዛፉ ሥር ቆመው አላስገባም ብለዋል። ከታሰሩ አንድ ወር ሆኗቸዋል። አማርኛ አያውቁም፤ እትዬ ደግሞ ጌዴኦኛ አታውቅም።

የመጀመሪያውን ቀን እትዬ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ዋለች። በማግስቱ ከቤቷ ምግብ ሲላክላት ሦስት ቦታ ከፈለችው። ትልቁን ለአሮጊቷ ሰጠች፤ የኔን ሳታየኝ ወደኔ ገፋችው። አሮጊቷ ይህን አይተው «በመካከላችሁ ያለው ምንድን ነው?» አሉኝ። ነገርኳቸው።

«ያንቺን ሰማሁ» አሉ። «አሁን የሷን ከራሷ አፍ አምጪልኝ።»

እትዬን ጠየቅኳት። መጀመሪያ እምቢ አለች፤ ከዚያ ከጀመረች በኋላ አላቆመችም። የጣሊያንን ጊዜ፣ የአባቷን አሟሟት፣ ልጇ ትምህርቱን ትቶ እንዴት እንደተቀጠረ፣ ከሄደ ወዲህ አንድ ደብዳቤ ብቻ እንደደረሳት፣ እሱንም ሰው እንዳነበበላትና ከዚያ በኋላ ምንም እንዳልመጣ ተናገረች። ስትጨርስ ወደ አሮጊቷ ዞሬ «የተቸገረን ሰው መርዳት ይገባል ትላለች» አልኳቸው።

አሮጊቷ ከጣሪያው ሥር ያለውን ስንጥቅ አሳዩኝ። «እሷ ስትናገር ያ ብርሃን ከግድግዳው ወርዶ እግሬ ድረስ መጣ» አሉ። «አንቺ ያመጣሽልኝ አንድ እፍኝ ነው። የቀረውን የት አደረግሽው?»

«ዋናው ይህ ነው ብዬ ነው።»

«ዋናውን እኔ እመርጣለሁ። አንቺ ሁሉንም አምጪው።»

እኔ ከልጅነቴ ጀምሮ አድልዎ የማልወድ ነኝ ብዬ የምኮራ ሰው ነበርኩ። እትዬ «ምን አለችሽ?» ስትለኝ መዋሸት እችል ነበር።

«ቃልሽን ስላሳጠርኩ ተቆጡኝ» አልኳት።

ያን ጊዜ ለመጀመሪያ ጊዜ ወደኔ ዞረች። «ምኑን አሳጠርሽ?»

«ልጅሽን አስቀረሁት።»

እትዬ ወደኛ ቀረብ አለች። ከዚያ ነጠላዋን አስተካክላ ከመጀመሪያው ጀመረች፤ በየመሃሉ እየቆመች ትጠብቀኝ ነበር። የአባቷንም፣ የደብዳቤውንም፣ ልጇ ሲሄድ ያደረገውን ጫማም ሳይቀር አስተረጎምኩ። አሮጊቷ እያንዳንዱን ቃል በጭንቅላታቸው እየተቀበሉ ሰሙ።

ከዚያ በኋላ ያ የቆዳ ቤት ሌላ ቤት ሆነ። ዝናብ በማይዘንብበት ሰዓት ሁሉ ስለ ኮንጎ እንነጋገራለን። አሮጊቷ ሬዲዮ አይተው አያውቁም፤ የሚጠይቁት ጥያቄ ግን የሬዲዮኑ ሰውዬ ያላሰበው ነበር። «የዚያ አገር መሬት የማን ነው?» አሉ። ነፃ ወጥተዋል ሲባል ሰምቻለሁ አልኳቸው። «ከመሬቱ ሥር የሚወጣ ነገር አለ?» መዳብ ይወጣል ይባላል አልኩ። «እንግዲያው ከሩቅ ሆኖ የኔ ነው የሚል ሰው አለ» አሉ። «ወታደሮቻችሁ የቆሙት በማንና በማን መሃል ነው? በወንድማማቾች መሃል ነው ወይስ በገበሬውና በገማቹ መሃል?»

ይህን ስተረጉም እትዬ አፏን በነጠላዋ ይዛ «ይቺ ሴትዮ ሚኒስትር መሆን ነበረባት» አለች።

ነገርኳቸው። «ሚኒስትር ምንድን ነው?» አሉ።

«ንጉሥን የሚመክር ነው።»

«ንጉሡ ይሰማል?»

እትዬ ትርጉሙን ስትሰማ በሩን አየችና «ይህንንስ አሳጥሪው» አለችኝ። ሦስታችንም ሳቅን።

እትዬ ግን በቀላሉ የምትሸነፍ አልነበረችም። «ጎረቤቱ ቤት እሳት ሲነሳ ማን ለኮሰው ብሎ እስኪያጣራ የሚቆም ሰው ሰው ነው?» ትለኛለች። እኔ «ውሃ ይዞ የገባው ሁሉ እሳቱ ሲጠፋ ከቤቱ ይወጣል ወይ?» እላታለሁ። «ልጄ ይወጣል!» ትላለች። «ልጅሽን አላልኩም፣ የላኩትን ነው።» «የላኩት ሌላ፣ የሄደው ሌላ ነው» አለችኝ አንድ ቀን፤ በዚህ ነገር እስከ ዛሬ ትክክል እንደነበረች አምናለሁ።

በአምስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ አሮጊቷ እንዲፈርዱ ሁለታችንም ለመንን።

«አልፈርድም» አሉ። «ሦስተኛዋ አልመጣችም።»

«የትኛዋ?»

«የኮንጎዋ። ሁለታችሁ ስለሷ ቤት ታወራላችሁ፣ እሷ ግን የለችም።» ከዚያ በጣታቸው እትዬን አሳዩኝ። «አንቺ የኮንጎ እናት ሁኚ በያት። አንቺ ደግሞ ወታደሩን ሁኚ። ተነጋገሩ።»

እትዬ «ይህ የልጆች ጨዋታ ነው» ብላ እምቢ ልትል ነበር። አሮጊቷ ግን ቀልድ የላቸውም፤ እጃቸውን ጭናቸው ላይ አድርገው ይጠብቃሉ። እትዬ ጉሮሮዋን ጠራረገችና ወደኔ ዞረች።

«አንተ ልጅ» አለችኝ። «እናት አለችህ?»

«አለችኝ» አልኩ።

«የት ናት?»

«ሩቅ ናት። ዲላ።»

«መሣሪያ ይዘህ ደጄ ላይ መቆምህን ታውቃለች?» አለችና ንግግሯን አቋረጠች። ቀጥሎ ልትለው የነበረውን አላውቅም።

እኔ ወታደሩ ነበርኩና መመለስ ነበረብኝ። «እማማ፣ ሂድ ተብዬ መጣሁ» አልኳት። «ማን እንደጠራኝ አልተነገረኝም። ግን ወዲያ ማዶ ያሉት ወዲህ ያሉትን ሊገድሉ ሲመጡ እዚህ እቆማለሁ። ልጆችሽ ከኋላዬ ናቸው።» ይህን ስናገር እውነት መሆኑ ተሰማኝ፤ ሱቁ ደጃፍ ላይ ያላሰብኩት ነገር ነበር። በሁለት በሚገዳደሉ ሰዎች መሃል መቆም ቀላል ነገር እንዳልሆነ ያወቅኩት እንዲህ ሆኜ ነው።

አሮጊቷ የሁለታችንንም ቃል አስተርጉሜላቸው ስጨርስ አልፈረዱም። «አሁን ትንሽ ተቀራርባችኋል» ብቻ አሉ። እትዬ ልጇ መሄዱ ልክ ነው ከማለት አልተመለሰችም። እኔም ጥያቄዬን አልተውኩም። ግን ያን ቀን ማታ ነጠላዋን አካፍላ አለበሰችኝ።

በሁለተኛው ሳምንት የጣቢያው አዛዥ መቶ አለቃ አስጠራን። አንድ ወጣት ጸሐፊ ጠረጴዛ ላይ ተቀምጦ የተዘጋጀ ወረቀት አነበበ። ተጣልተን ሕዝብ ማወካችንን፣ አሁን ግን ታርቀን በሰላም መለያየታችንን ይናገራል። ሲያነብ ቀና ብሎ አላየንም።

መቶ አለቃው «አውራ ጣታችሁን አድርጉና ወደ ቤታችሁ ሂዱ» አለ።

እትዬ ከኔ ቀድማ ተናገረች። «ጌታዬ፣ ካልተጣላሁት ሰው ጋር እንዴት ነው የምታረቀው?»

«ታዲያ ምን ስታደርጉ ነበር?»

«ስንነጋገር።»

«ፖሊስ የመጣው ስለተነጋገራችሁ ነው?»

«እሱን ፖሊሶቹን ይጠይቋቸው።»

መቶ አለቃው «ከተመቻችሁ ተቀመጡ» ብሎ ወጣ። እኔ ጸሐፊውን ብዕር እንዲሰጠኝ ጠየቅኩት። ልፈርም መስሎት ሰጠኝ። ከታች ባለው ባዶ ቦታ ላይ በአራተኛ ክፍል ጽሕፈቴ «አልተጣላንም። ስለ ኮንጎ ተነጋገርን። የተስማማንበትም ያልተስማማንበትም አለ» ብዬ ጻፍኩና ስሜን አስከተልኩ። እትዬ አንብቢልኝ አለች። አነበብኩላት።

«ምንም አላስቀረሽም?»

«ምንም።»

ጣቷን ቀለሙ ውስጥ ነክራ ከስሜ አጠገብ አተመች። ቤቷ ልትሄድ የምትችል ሴት ነበረች፤ ጠጅ ቤቷ ተዘግቷል፣ የልጇ ደብዳቤ መጥቶ እንደሆነ አታውቅም። አብረን ወደ ቆዳው ቤት ተመለስን። ለአሮጊቷ የጻፍኩትን በጌዴኦኛ ስነግራቸው አጠገባቸው ያለውን የእንሰት ቅጠል በእጃቸው መታ መታ አድርገው ቦታ ሰጡን።

ከጥቂት ቀን በኋላ እኔና እትዬ ምንም ሳንባል ተለቀቅን። አሮጊቷ እስከ በጋው እዚያው ቆዩ። ሲወጡ በጭነት መኪና እስከ ይርጋጨፌ ሄደን፣ የቀረውን በእግራችን ተጉዘን ኢዲዶ ጠየቅናቸው። ከዚያው ዛፍ ሥር ነበሩ። የእትዬም ልጅ በዓመቱ በሰላም ተመለሰ። ቤቴ ድረስ ይዛው መጥታ «ጠይቂው፣ አትፍሪ» አለችኝ። ጠየቅኩት። ማን እንደጠራቸው እሱም እንደማያውቅ ነገረኝ።

መዝገቡን ያወቅኩት በኋላ ነው። አንድ ትምህርት ቤት በጽዳት ሊቀጥረኝ የጠባይ ማስረጃ ከፖሊስ አምጪ አለኝ። ጣቢያው «በጠብ ታስራ በእርቅ የተለቀቀች» ብሎ ጻፈልኝ፤ ሥራውም ቀረ። መዝገቡን አስገልጬ ሳይ የጻፍኩት መስመር የለም። ከስሜ ፊት ለፊት የአውራ ጣት ምልክት አለ፤ እኔ ግን ጣቴን አላተምኩም። ይታረምልኝ ብዬ አመለከትኩ። መንግሥት ተቀየረ፣ እንደገና አመለከትኩ። አሁን የልጅ ልጆቼ ስልካቸውን ይዘው ስለ ሩቅ አገር ጦርነት ሲከራከሩ፣ አንዱ መልስ ከመስጠቱ በፊት የሌላውን ቃል ሙሉ ለሙሉ እንዲነግረኝ አደርጋለሁ። ይሰለቻሉ፤ ግን ያደርጉታል። እኚያን አሮጊት አያውቋቸውም፤ እኔ ግን ከሳቸው የተሻለ ዳኛ አላየሁም።

የመዝገቡን መልስ ያገኘሁት በእትዬ ለቅሶ ላይ ነው። ድንኳኑ ውስጥ አንድ ከዘራ የያዙ ሽማግሌ መጥተው አጠገቤ ተቀመጡ። ያ ጸሐፊ ነበሩ። እኔ አላወቅኳቸውም፤ እሳቸው አወቁኝ። ሰው ቀለል እስኪል ጠብቄ «የጻፍኩትን የት አደረሱት?» አልኳቸው።

«ቀድጄ እሳት ውስጥ ጨመርኩት» አሉ። «ኮንጎ የሚል ቃል ያለበት ወረቀት ወደ ይርጋለም ይላክ ነበር። ሰዎቹም አብረው ይላካሉ፤ መቼ እንደሚመለሱ አይታወቅም። ጠብ ግን እዚሁ ያልቃል። ሌላ ወረቀት ጻፍኩና በሁለታችሁም ቦታ የራሴን ጣት አተምኩ።»

እኚህ ሰው በራሳቸው ላይ አደጋ ወስደው እንዳዳኑኝ ገባኝ። አመሰገንኳቸው፤ ከልቤ ነው። ግን አንድ ነገር አላስቀመጠኝም።

«እኔን ጠይቀውኝ ነበር?» አልኳቸው።

«አልጠየቅኩዎትም» አሉ። «ብጠይቅዎት እምቢ ይሉ ነበር።»